የጅማ በርጩማ ኮልፌ ሄዶ መነጽር ሆኖ መጣ

ከጅማ አዲስ አበባ ደርሶ የመጣ ሰው ስለ ፎቅ ያወራል። ከእኔ ፎቅ የሚጠብቅ ካለ ይቅር ይበለኝ፤ እኔ የሰነበትኩት ኮልፌ፣ አጠና ተራ፣ ባሕር ዛፍ በተከመረበት ግቢ ውስጥ ነው። ያደግኩበት ሰፈር ነው፤ ከወጣሁ ግን ሠላሳ ዓመት አልፎኛል። የተላክኩት ናፍቆቴን እንድወጣ አልነበረም። ናፍቆቱን ማንም ሳይጠይቀኝ መንገድ ላይ እኔው ጨመርኩበት።

የላከኝ ማኅበራችን ነው። እኛ ጥቂት የጅማ ነጋዴዎች በጋራ አንድ መጋዘንና አራት የጭነት መኪና አለን። አምና ሲስተም አስገባን። ሲስተም የምለው በስልክ ተከፍቶ የትኛው ዕቃ የት እንዳለ፣ የትኛውን መኪና ማን አስጭኖ እንዳስወጣው የሚያሳየውን ነው። መዝገቡ እኛ ቤት አይቀመጥም፤ ሩቅ ቦታ ተቀምጦ በኢንተርኔት ይታያል፤ የሸጡልን ልጆች ክላውድ ይሉታል። አስገቡ ብዬ የወተወትኩት እኔ ነኝ። በዓመቱ ምን አተረፍን? ሲስተሙ አንድ ነገር ይላል፣ የቴሌግራም ግሩፓችን ሌላ ይላል፣ የጋሽ ወንድሙ መዝገብ ደግሞ ሦስተኛ ነገር ይላል። ሦስቱ ሲጣሉ እኛ ባትሪ ይዘን መጋዘን እንገባለን።

ጋሽ ወንድሙ መጋዘን ያዣችን ናቸው። ሲስተሙን ባሳየናቸው ቁጥር ስልኩን እጃቸው እስከቻለ ድረስ ራቅ አድርገው ይይዙና «ይሄ ውሸት ነው» ብለው ይመልሱልናል። ሊቀመንበራችን ትዕግሥቱ አለቀ። «ኮልፌ ያሉ የአጠና ነጋዴዎች ይህንኑ ሲስተም ይዘው ሰላም ናቸው አሉ» አለኝ። «ሂድና እይ። ያለ መጋዘን ያዥ የሚሠሩ ከሆነ ጋሽ ወንድሙን አመስግነን እንሸኛለን። እነሱም ካልሆነላቸው ሲስተሙን ጥለን ወደ ደብተራችን እንመለሳለን።» እንግዲህ ወይ የእኔ ሲስተም፣ ወይ የጋሽ ወንድሙ እንጀራ። ሁለቱም ቦርሳዬ ውስጥ ነበሩ።

ማክሰኞ

ገና ጎሕ ሲቀድ መናኸሪያ ደረስኩ። ጋሽ ወንድሙ ቀድመውኝ ቆመዋል፤ በእጃቸው ባለ ሦስት እግር በርጩማ ይዘዋል። ከአንድ ግንድ የተፈለፈለ፣ ጅማ ብቻ የሚሠራ ዓይነት።

«ምነው ጋሽ ወንድሙ፣ ቁጭ ብለው ሊሸኙኝ ነው?»

«ለሚቀበልህ ሰው ስጥልኝ። ባዶ እጅ አይገባም።» ቀጥለውም «ያየኸውን ንገራቸው» አሉ። «እንዳታዳላልኝ።»

እንዲህ ያለ ሸክም ከበርጩማው ይከብዳል።

አውቶቡሱ እስከ ሶኮሩ ደህና ሄደ። ጊቤ በረሃ ስንወርድ ሙቀቱ መስኮቱን ከፍተንም ዘግተንም አንድ ሆነብን። ለኮልፌው ጓደኛዬ ለሽፋ ብዬ የያዝኩት የማር ጀሪካን ክዳኑ ላልቶ ኖሮ፣ አጠገቤ የተቀመጡ እናት «ልጄ፣ ከእግርህ ሥር ንብ ይፈልቃል እንዴ?» ሲሉኝ ነው ያወቅኩት። ጫማዬ እስከ ኮልፌ ድረስ እየተጣበቀ ሄደ። ወልቂጤ ወርደን ክትፎ በላን። ጅማ ላይ ክትፎ የለም አይባልም፤ ግን ወልቂጤ ከበላሁ በኋላ የጅማውን ስሙን ቀይሩለት ለማለት ከጀለኝ።

ቱሉ ቦሎ ሳንደርስ ጎማ ተነፈሰ። ረዳቱ ክሪኩን ፍለጋ ጣሪያ ላይ ወጣ፤ እኛ ግራር ሥር ተሰለፍን። በርጩማውን ለእኚያ እናት አስቀመጥኩላቸው። ጎማው እስኪቀየር ድረስ ያለፈ ያገደመው «ይሸጣል?» ይለኛል። ነጋዴ ነኝ፤ በሕይወቴ ገዢ ሲለምነኝ «አይሸጥም» ያልኩት የዚያን ቀን ብቻ ነው።

አመሻሽ ላይ አየር ጤና ገባን፤ በታክሲ ጦር ኃይሎች ደረስኩ። መንገዱ ሰፍቷል፣ የማውቀው ጥግ ሁሉ ጠፍቷል፤ የወያላው ድምፅ ብቻ ያው ነው። ሰው ላለማስቸገር ብዬ ቤርጎ ያዝኩና ለሽፋ ደወልኩለት። ሽፋ በወጣትነታችን አጠና አብረን የተሸከምን ጓደኛዬ ነው፤ ዛሬ የኮልፌዎቹ ማኅበር ሰብሳቢ ሆኗል። ደቂቃም አልቆየ፣ በሩ ላይ ቆሞ አየሁት።

«ቤርጎ?» አለ። «እኔ ሞቻለሁ እንዴ?»

«እንዳላስቸግርህ ብዬ ነው።»

«ሠላሳ ዓመት አላስቸገርክም። ይበቃል።»

ቦርሳዬን አንጠልጥሎ ወጣ። ቤቱ ስንደርስ ባለቤቱ ቆጮ፣ አይብና ጎመን አቀረበች። የማር ጀሪካኑን ሰጠኋት፤ ግማሹ ጊቤና ወልቂጤ መካከል እንደቀረ ነገርኳት። «የቀረውስ በጫማህ መጥቶ የለ» አለች።

ረቡዕ

ወደ አጠና ተራ በእግራችን ሄድን። ድሮ ግቢው ውስጥ ሲገባ ቋሚው በአንድ ወገን፣ ማገሩ በሌላ ወገን እንደ ግድግዳ ይቆም ነበር፤ ሰማዩ በመካከል እንደ ቀጭን ወንዝ ይታያል። አሁን ግማሹን ቦታ የብረት ድጋፍ ይዞታል። ፎቅ የሚሠራ ሰው አጠና አይወድም፣ ብረት ይከራያል። ነገር ግን ትናንት የተላጠ ባሕር ዛፍ ሽታው አልተለወጠም። ያን ሽታ ስምገው ትከሻዬ፣ ሸክሙ ያረፈበት ቀኝ ትከሻዬ፣ በራሱ ዝቅ አለ። ጅማም ባሕር ዛፍ ሞልቷል፤ እዚያ ግን ትከሻዬ ምንም ብሎኝ አያውቅም።

በሩ ላይ ካለው ቆርቆሮ ሥር እትዬ አስካለ ተቀምጠዋል። ድሮ ሻይ ይሸጡ ነበር፤ ሻይ እየሸጡ የመኪናውን ተራ በከሰል ቆርቆሮው ላይ ያሰምሩ ነበር። የመጣ መኪና አንድ መስመር፣ የጫነ መኪና በመስመሩ ላይ ጭረት። በተራ የተጣላ ሁሉ ወደ ቆርቆሮው ይመጣል፤ ቆርቆሮው የተናገረውን የሚከራከር አልነበረም። ዛሬ ጉልበታቸው ላይ ታብሌት አለ።

«ይሄ ማነው?» አሉ በመነጽራቸው ላይ አሻግረው።

«አላወቁትም? ጭራሮ ነው» አለ ሽፋ። በቅጥነቴ ያወጡልኝ ስም ነው።

ከላይ እስከ ታች አዩኝ። «ጭራሮ? ይሄማ ግንድ ሆኗል።»

ሁለት ሰዓት ሲሆን አባላቱ በአግዳሚው ላይ ተደረደሩ። የኮልፌዎቹ ምሥጢር ይህ ነው፤ እኔም የሄድኩለት ይህ ነው፤ ስለዚህ በደንብ ልንገራችሁ። እትዬ አስካለ ከታብሌቱ ላይ ጮክ ብለው ያነባሉ። «ሦስተኛ መደብ፣ የሙስጠፋ ቋሚ፣ ትናንት አልወጣም።» ሙስጠፋ «አለ» ይላል። «አምስተኛ መደብ፣ የደስታ ማገር፣ አንድ መኪና ወጥቷል።» ደስታ «ወጥቷል» ይላል። እድር ላይ ስም ሲጠራ እንደሚባለው ነው። አንዱ «የለም» ያለ እንደሆነ ሁለት ሰው ተነሥቶ ሄዶ ያያል፤ የሽፋ ልጅ ራሕማ፣ የማኅበሩ ጸሐፊ ናት፣ እዚያው ታስተካክላለች። ሁሉም አንድ ብርጭቆ ሻይ ሳይቀዘቅዝ ያልቃል።

«ታዲያ ጮኻችሁ የምታነቡት ከሆነ ሲስተሙ ምን ሊሠራላችሁ?» አልኩ።

«ሾፌሩ ሰበታ ሆኖ ያየዋል፣ ገዢው አስኮ ሆኖ ያየዋል፣ እኔ ቤቴ ተኝቼ አየዋለሁ» አለ ሽፋ። «ጠዋት ያልተነበበ ነገር ግን እኛ ዘንድ እንደሌለ ነው። ቴሌግራም ላይ ጻፍኩ ብሎ ነገር የለም። ቴሌግራም ላይ እንኳን ደስ አለህና ነፍስ ይማር ብቻ ነው የምንባባለው።»

እነሱም በአንድ ሌሊት አልሠለጠኑም። መጀመሪያ ሁለት ወር ደብተሩንና ሲስተሙን ጎን ለጎን ይዘው፣ በየዓርቡ አስተያይተው፣ ሁለቱ አንድ ቃል መናገር ሲጀምሩ ደብተሩን በሲባጎ አስረው ግድግዳ ላይ ሰቀሉት። አሁንም ተሰቅሏል። እኛ ጅማ ላይ ሁለቱንም ይዘን አስተያይተን አናውቅም፤ የተቆጣን ዕለት ብቻ ነው የምንገልጣቸው።

ረቡዕ ስለሆነ ጾም ነበርኩ። የሽፋ ባለቤት ሙስሊም ናት፤ ግን ሽሮውን በዘይት ሠርታ፣ ጎመኑን ለይታ፣ «በሌላ ማሰሮ ነው፣ ቅቤ አልነካውም» ብላ አቀረበችልኝ። ጅማ ላይ የገዛ ዘመዶቼ እንኳ እንዲህ አይጠነቀቁልኝም።

ሐሙስ

ራሕማ የሲስተሙን ሆድ ዕቃ ልታሳየኝ ኮምፒውተር ፊት አስቀመጠችኝ። «ጋሼ፣ በእንግዳ ቁልፍ ይግቡ» አለችና አንድ የይለፍ ቃል ሰጠችኝ። እኔ እያየሁ እያየሁ ጣቴን በላኝ፤ አንድ መኪና አጠና «ይውጣ» የሚለውን ተጫንኩት። ቀይ ጽሑፍ መጣ፦ አልተፈቀደልዎትም።

ኮልፌ ላይ ተከልክዬ አላውቅም። ፊቴ ተለዋወጠ መሰለኝ ሽፋ ሳቀ። «እኔም ተከልክያለሁ፣ አይክፋህ። ሰብሳቢ ነኝ፤ ሆኖም ማጥፋት አልችልም።»

«ለምን?»

«ስላጠፋሁ ነዋ።»

ታሪኩ እንዲህ ነው። ሲስተሙ የመጣ ሰሞን አባላቱን ሁሉ ዋና ኃላፊ አድርገው መዘገቡ። ማንን ከማን ያሳንሳሉ? አንዱ ታላቅ ነው፣ አንዱ መሥራች ነው፣ አንዱ አማች ነው። ይሉኝታ ይዟቸው ለሁሉም ሙሉ ቁልፍ ሰጡ። አንድ ቀን የሽፋ ስልክ ሞላ። ቦታ ላስለቅቅ ብሎ አሮጌ የመሰለውን ሁሉ አጠፋ። ከስልኩ የጠፋ መስሎታል፤ ከሁሉም ስልክ ነው የጠፋው። የግቢው አጠና በሙሉ አንድም ሳይቀር ጠፋ።

«ከዚያስ?»

«ከዚያማ ሰው ሁሉ እየሮጠ መጣ፤ አጠናው ቆሞ እንደሆነ ለማየት። እኔም ሮጬ መጥቻለሁ፤ አትሳቅ።»

የጠፋውን ሲስተሙን ከሸጡላቸው ልጆች ዘንድ አስመለሱት። ማግሥቱን ግን እትዬ አስካለ «የእድራችን ሣጥን ስንት ቁልፍ ነው ያለው?» ብለው ጠየቁ። ሦስት ነው፤ በሦስት ሰው እጅ፤ ሦስቱ ካልተገናኙ አይከፈትም። ማጥፋትና ሰው ማስገባት በሦስት ሰው ስምምነት ብቻ ሆነ። ሌላው የየራሱን መደብ ይነካል፣ የሰውን ያያል። በእድር ሣጥን የተቆጣ ሰው ስለሌለ በዚህም የተቆጣ አልተገኘም።

እኔም ጉዳችንን አወጣሁት። ጅማ ላይ እኛም ሁላችን ዋና ኃላፊ ነን። ይባስ ብሎ ባለፈው ክረምት ያረፈው አባላችን ከበደም እስከ ዛሬ ዋና ኃላፊ ነው። ስሙን ከሲስተሙ የሚያነሣ ጠፋ፤ ሁለተኛ መቅበር መስሎን። የይለፍ ቃሉን ግማሹ አባል ስለሚያውቀው የቸኮለ ሁሉ በእሱ ስም ገብቶ መኪና ያስወጣል። ከበደ ከሞተ ወዲህ ከበፊቱ ይበልጥ ይሠራል።

ሳቁ። እትዬ አስካለ ግን አልሳቁም። «ኃጢአት ነው» አሉ። «እኛ ዘንድ አባል ሲሞት፣ ሐዘኑ ሲያበቃ ጠዋት ስሙን ለመጨረሻ ጊዜ አነበዋለሁ። ሰው ሁሉ ይነሣል። ከዚያ ራሕማ ከሲስተሙ ታወጣዋለች።» እስካሁን ያነበቧቸውን ስሞች ቆጠሩልኝ። ማገር መምረጥ ያስተማረኝ ሰውዬ አለበት። አጠና ስጥል በጥፊ የመታኝና ቀጥሎ ዳቦ የገዛልኝ ሰውዬም አለበት። መሞታቸውን የሰማሁት ያኔ ነው፤ ከተቀመጥኩበት ብድግ አልኩ።

ምሳ ላይ ዶሮ ቀረበ። ጾም የሌለበት ቀን ነው፤ ሽፋ ጎረቤቱ ያሉትን ክርስቲያን ጠርቶ ለእኔ ብቻ አሳርዷል። እነሱ ምስራቸውን እየበሉ እኔ አንድ ዶሮ ብቻዬን ስበላ ዋልኩ። «ግንድ እንዴት እንደሚሆን አሁን ገባኝ» አሉ እትዬ አስካለ።

ሻይ ላይ ስለ ጋሽ ወንድሙ ነገርኳቸው። ወሬዬ እንጀራቸውን ሊቆርጥ እንደሚችል፣ ስልኩን ርቀው ይዘው ውሸት ነው እንደሚሉ፣ ግትር እንደሆኑብን ሁሉ።

እትዬ አስካለ ብርጭቆውን አስቀመጡ። «እንዴት አድርገው ነው የሚይዙት?»

እጄን ዘርግቼ አሳየኋቸው።

«ሰውየው ግትር አይደሉም። እጃቸው አጥሮባቸው ነው» አሉ። «እኔም መጀመሪያውን ወር ውሸት ነው ስል ነበር። አይቼ አይደለም፤ አላየሁም ማለት አፍሬ ነው። ይቺ ራሕማ ባትነቃብኝ ይሄኔ ቤቴ ነበርኩ።»

የጋሽ ወንድሙ መዝገብ ፊደሉ ከዓመት ዓመት እየተለቀ የመጣው ለምን እንደሆነ ያን ጊዜ ገባኝ። ወረቀት ይፈጃሉ ብለን ያማናቸው እኛው ነን።

ቤት ሄጄ እስካሁን ለማንም ያልሰጠሁትን በርጩማ አመጣሁላቸው፤ የማን እንደሆነ ነገርኳቸው። ተቀመጡበት፣ ተነሡ፣ ገልብጠው አዩት፣ እንደገና ተቀመጡበት። ከዚያ ከቦርሳቸው በጨርቅ የተጠቀለለ አሮጌ መነጽር አወጡ። «እኔ ጠንከር ያለ ታዞልኛል። ሐኪም ጋ እስኪደርሱ ይሁናቸው።»

ዓርብ

ሽፋ አየር ጤና ድረስ ሸኘኝ። ፌርማታው ላይ ቆመን አውቶቡሱን ጠበቅን።

«መቼ ትመጣለህ?» አለ።

«ሲስተም ሲበላሽብን።»

«እንግዲያው ቅርብ ነው።»

መንገዱ ሰላም ነበር፤ ጎማም አልተነፈሰ፣ ማርም አልፈሰሰ። ጊቤ ላይ መነጽሩን አውጥቼ ለራሴ ሞከርኩት። የትኬቴ ትንንሽ ጽሑፍ ወለል ብሎ ታየኝ። ቶሎ አውልቄ ጠቀለልኩት፤ ስለ ሌላ ሰው ዓይን ላወራ እየሄድኩ የራሴም ዓይን መድከሙን ያን ዕለት ማወቅ አልፈለግኩም።

ቅዳሜ

ስብሰባው በአራት ሰዓት ነበር። በአንድ ሰዓት መጋዘን ደረስኩ። ጋሽ ወንድሙ በሩን እየከፈቱ ነው፤ አልጠየቁኝም።

«በርጩማዎን ለወጥኩት» አልኩና ጨርቁን ሰጠኋቸው። «የተሰጠኝ ይሄ ነው። እኔ በመነጽር አልነግድም፣ እርስዎ ይያዙት።»

ጨርቁን ፈቱት። መነጽሩን አዩት፣ እኔን አዩኝ፤ ብዙ ነገር እንደገባቸው ገባኝ። በሸሚዛቸው ጫፍ ወልውለው አደረጉት። ስልኬን ከፍቼ አቀበልኳቸው። እንደ ልማዳቸው እጃቸውን ዘረጉ፤ ከዚያ ቀስ እያሉ፣ ቀስ እያሉ ወደ ፊታቸው አቀረቡት።

ረጅም ጊዜ አነበቡ።

«ይሄ ውሸት ነው» አሉ።

ስልኩን ልቀበላቸው እጄን ዘረጋሁ።

«ይሄኛው መስመር ብቻ» አሉ በጣታቸው እየነኩ። «ሌላው ልክ ነው። ሐሙስ ሲሚንቶ ያስወጣው ከበደ ነው ይላል። ከበደን ቀብረነዋል እኮ።»

በአራት ሰዓት ሊቀመንበራችን ሁሉም ፊት ጠየቀኝ። «እህስ ደምሴ፣ ኮልፌዎች ያለ መጋዘን ያዥ ይሠራሉ ወይ?»

«ጠዋት ጠዋት ጮክ ብሎ የሚያነብላቸው ሰው አላቸው» አልኩ። «ከእሱ በኋላ ነው ሲስተሙ የሚሠራላቸው። እኛም ሰውየው አለን፤ ሲስተሙ ያልሠራልን አስነብበነው ስለማናውቅ ነው።»

ስለ ሦስቱ ቁልፎች ነገርኳቸው፤ ሁሉም እድር ያለው ሰው ስለሆነ ማስረዳት አላስፈለገኝም። ሊቀመንበሩ ጋሽ ወንድሙን አያቸው። እሳቸውም ተነሡ፣ ስልኩን ከፊታቸው አቀረቡ።

«ከበደ» ብለው አነበቡ።

ማንም አላዘዘንም፤ ሁላችንም ተነሣን። በመጋዘኑ ቆርቆሮ ላይ ርግቦች ሲራመዱ ይሰማ ነበር። ጸሐፊያችን ስሙን አወጣው።

ጋሽ ወንድሙ መነጽራቸውን በጣታቸው ወደ ላይ ገፋ አደረጉ። «ቁጭ በሉ» አሉ። «ቀጥሎ፣ ሲሚንቶ። ሐሙስ ያስወጣው ማነው?»